አራሚው የሰረዛቸው ሦስት ገጾች

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ "አራት ነጥብ" ነበር የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የማሽን ክፍል ሠራተኞች ናቸው። አንድ ጊዜ ለሠርግ መጥሪያ የመጣ ጽሑፍ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ስላልነበረው "ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍም" ብሎ ሥራውን አስቆመ። ክርክሩ ሲከር ሙሽራዋ ራሷ ተጠርታ መጣች። ነገሩን ከሰማች በኋላ፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ልጀምረው ነው፤ ምን አስቸኩሎዎት ነው የሚያስጨርሱኝ?" ስትለው ማሽኖቹ ሳይቀሩ የሳቁ መሰለ። መጥሪያው ያለ አራት ነጥብ ታተመ። ስሙ ግን እሱ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ሥራው አራሚነት ነው። ከማሽን ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ወደ ግቢው የምታይ አንዲት መስኮት ሥር ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሯል። መሣሪያው ቀይ እስክሪብቶ፣ ከመስመር ወደ መስመር እያወረደ የሚያነብበት የእንጨት ማስመሪያና ጠርዙ የተሸረፈ ማጉያ መነጽር ነው። ያላነበበው ነገር የለም። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት፣ የፍቅር ልብ ወለድ፣ ሁሉም በእጁ አልፏል፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ነበር የሚያያቸው። "ታሪኩ የደራሲው ነው፤ የእኔ ፊደሉ ነው" ይል ነበር። ገጽ አርባ ላይ የሞተ ሰው ገጽ ዘጠና ላይ ሻይ ሲጠጣ ቢያገኘው እንኳ ዳር ላይ በእርሳስ "ይታይ" ብሎ ከመጻፍ በቀር እጁን አይሰድም።

ቤቱ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት ፌርማታ ይርቃል። ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ያለው የድሮ ቤት ነው። እዚያ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው፤ ሆስፒታል የልብስ ንጽህና ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ የኖረች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዓይኗን ሞራ እየጋረደው የመጣ፣ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። እሱ ሃምሳ አንድ ዓመት ቢሞላውም እሷ ዘንድ ዛሬም "ማሙሽ" ነው። እሷም እሱ ዘንድ "እትዬ" ናት።

አባታቸው ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለይ ሰው ነበር። ሰው እንደ ጎመን እየተቀነጠሰ በሚወሰድበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሁለት ሰዎች ወደ ሥራ ቦታው መጥተው "ለአንድ ጉዳይ እንፈልግሃለን" አሉት። በእጁ የያዛቸውን ደብዳቤዎች በየሣጥናቸው ከትቶ ሲጨርስ ተከተላቸው። በዚያው ቀረ። ማሙሽ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እህቱ አሥራ ዘጠኝ። እናታቸው ስንቅ ይዛ ያልቆመችበት የእስር ቤት በር አልነበረም። መልሱ ሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ "እዚህ የለም።"

"የሞተ አንድ ቀን ነው የሚሞት፤ የጠፋ ግን በየቀኑ ይጠፋል" ትል ነበር እናታቸው። እንደ አባባሏም ኖረች። ባሏ ሲመለስ ቤቱን እንዳይስተው በሩ ቀለሙ እንዲቀየር አልፈቀደችም። ሰፈር እንቀይር ሲሏት አልሰማችም። ከሁሉም የባሰው ግን "አባታችሁ ሳይመጣ በዚህ ቤት ድግስ አይደገስም" የሚለው ቃሏ ነው። ማሙሽ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የትምህርት ቢሮ ታይፒስት የነበረች አንዲት ሴት ወደደ። ወደደችውም። ሁለት ዓመት ጠበቀችው። በሦስተኛው ዓመት ሌላ አገባች። የሠርጓ መጥሪያ የታተመው እሱ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ነው፤ ያረመውም እሱ ራሱ ነው። አንድም ስህተት አልተገኘበትም።

እናታቸው ከሞተች አሥራ አራት ዓመት አልፏል። የእሷን ለቅሶ ተቀምጠዋል። የአባታቸውን ግን አልተቀመጡም። ሞተ ያለ የለም፤ ያለ መርዶ ደግሞ ለቅሶ የለም።

እንዲህ ባለው ቤትና እንዲህ ባለው ሥራ መካከል እየተመላለሰ ሳለ ነው ያ መጽሐፍ እጁ የገባው።

ደራሲዋ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የምትገኝ፣ ትልቅ የጨርቅ ቦርሳ ከትከሻዋ የማይለይ፣ ቃል ከአፏ የሚሽቀዳደምባት ሴት ናት። ሦስተኛ መጽሐፏ ነው፤ ታሪካዊ ልብ ወለድ። ያንን ክፉ ዘመን የማየት ዕድሜ አልነበራትም፤ ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ባልና ወንድም የጠፋባቸውን ሴቶች እያነጋገረች የጻፈችው ነው። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ "ጋሼ፣ አደራዎትን፤ አንድ ፊደል እንዳትወድቅብኝ" አለችው።

"ፊደል አይወድቅም" አላት። እውነቱን ነው፤ ፊደል አልወደቀም።

ታሪኩ ከክፍል ውስጥ እያስተማረ ስለተወሰደ መምህር ነው። ሚስቱ ከእስር ቤት እስር ቤት ትንከራተታለች፤ ሴት ልጁ እየጠበቀች ታድጋለች። አራሚው እንደ ልማዱ ማስመሪያውን መስመር ሥር አድርጎ ጀመረ። ሠላሳኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ማስመሪያው ቆሞ ዓይኑ ብቻውን ሲሄድ ራሱን ያዘ። ሚስትየዋ በእስር ቤቱ በር ላይ የያዘችውን ሳህን ስትመልስ፣ ምግቡ ቀዝቅዞ ከላዩ ላይ የረጋውን ስብ በጣቷ ስትገፋ የሚል ነገር ነበረበት። ይህንን እሱ አይቶታል። የእናቱ ጣት ነበረች።

በሃያ ስድስት ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ፕሩፉን፣ ለእርማት የታተመውን ቅጂ፣ ጠቅልሎ ወደ ቤት ወሰደ። አራት እሑድ ለእህቱ አነበበላት። እሷ መስኮቱ አጠገብ አተር እየፈለፈለች፣ አንዳንዴም እጇን አቁማ ትሰማለች። "ሴትየዋ መቼም ጅል ናት" ትላለች። ወይም፣ "እሷን እንኳ ተዋት፣ ልጅቷ ናት የምታሳዝነኝ።" በአራተኛው እሑድ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንድ አሮጌ የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ለግንባታ ሲቆፈር አጥንት ይገኛል። ልጅቷ አባቷን እናቷ በሠራችለት ሹራብ ቁልፎች ትለየዋለች፤ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ ቀለሙ ይለያል። ቀበሩት። ዝናብ ጣለ። እናትየው በዚያን ቀን ዓይኗን ከድና ተኛች። በዚሁ ያልቃል።

እህቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "እሰይ" አለች። "ተገላገሉ። ያ ዝናብ ግን ትንሽ በዛ።"

"እትዬ፣ ይኼ እኮ ውሸት ነው።"

"ልብ ወለድ አይደል? ታዲያ ምን ይሁን?"

"ማን ተገኘ? ንገሪኝ እስቲ፤ ከምናውቃቸው ውስጥ ማን በሹራብ ቁልፍ ተገኘ? ሰዉ ይህንን አንብቦ፣ 'አሃ፣ ለካ መጨረሻው እንዲህ ነው' ብሎ መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። የእኛስ?"

እህቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ዘጋችው። የአተሩን ገለባ ሰብስባ ተነሳችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ማሙሽ ያስከፋት መሰለው።

ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻው ፕሩፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የአራሚው ሥራ "ይታተም" ብሎ መፈረም ብቻ ነው። ሦስቱን የመጨረሻ ገጾች አንድ ጊዜ አነበባቸው፤ ደገማቸው። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች በስረዛ ምልክት አወጣቸው። መጽሐፉ ልጅቷ የቁፋሮውን ወሬ ሰምታ ከቤት ስትወጣ፣ በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ ላይ እንዲያበቃ አደረገ። ከዚያ ፈረመ። ገጽ የምታቀናብረው ሴት "ይሄ ሁሉ ይወጣ? ደራሲዋ ታውቃለች?" አለችው።

"ታውቃለች" አላት። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

መጽሐፉ የተመረቀው በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መቶ ሃምሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። አራሚው ቢቀር እንደሚሻለው ያውቅ ነበር፤ ግን ሌባ የሰረቀበት አካባቢ መዞሩ አይቀርምና ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ደራሲዋ ንግግር አደረገች፤ ተጨበጨበላት። ቀጥላ "እስቲ የመጨረሻውን ገጽ ላንብብላችሁ" ብላ መጽሐፉን ከኋላ ገለጠች። ባዶ ወረቀት። አንድ ገጽ ወደ ፊት መለሰች። ሌላ መለሰች። ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱ ሳለ። ፊቷ ሲለዋወጥ አራሚው ከዚያ ሁሉ ርቀት አየው። ቀና ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረችና፣ "ይቅርታ... መጨረሻውን እናንተው ብታነብቡት ይሻላል መሰለኝ" አለች። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አጨበጨበም። እሱ ግን ጭብጨባው ጀርባው ላይ እንደሚወርድ አለንጋ ሆኖበት በጎን በር ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ክፍል ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ያንሰዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የተሰረዙትን ገጾች ዘርግቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ነው?" አለው። ደራሲዋ ቦርሳዋን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

"የእኔ ነው።"

"በስህተት ነው አይደል? ቀለም ፈሶ፣ ገጽ ተቀይሮ፣ የሆነ ነገር..."

መውጫ እየሰጠው እንደሆነ ገባው። "በስህተት አይደለም" አለ።

"ለምን?" አለች ደራሲዋ። ድምጿ የቁጣ አልነበረም፤ የገረመው ሰው ድምፅ ነበር። "ለምን ጋሼ? አንድ ስልክ ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት?"

"አላመንኩበትም" አለ።

ሥራ አስኪያጁ አራሚው የፈረመባቸውን ገጾች እያየ ሥራውን የተማረ ሰው ነው፤ ሊያባርረው አልጨከነም። ሆኖም በዝምታ ሊያልፈውም አልቻለም። ያልተሠራጩት መጻሕፍት የጎደሏቸው ገጾች ታትመው በእጅ እንዲለጠፉባቸው፣ አራሚው ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ የሚባል እንዳይነካ፣ ቅጽና የቀን መቁጠሪያ ብቻ እንዲያርም ተወሰነ። ቀድመው የተሸጡት ሦስት መቶ ያህል ቅጂዎች ግን አንዴ ወጥተዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ማታ ራት ላይ ለእህቱ ሁሉንም ነገራት። ጉራ የለበትም፤ ይቅርታም የለበትም፤ እንዲያው እንዳለ ነገራት። እህቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ማሙሽ፣ ተቀመጥ።"

"ተቀምጫለሁ እኮ እትዬ።"

"እንግዲያው አትነሳ።" እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ አንሶላ እንደምታስተካክል ሁሉ ጨርቁን ከመሃል ወደ ዳር ጠራረገችው። "አባባ ሞቷል።"

"እሱንማ ማን ያጣዋል፤ አርባ ሁለት ዓመት..."

"እንደሱ አይደለም የምልህ። የሞተበትን አውቃለሁ። በተወሰደ በሁለተኛው ወር ነው። በሳንባ ነው።"

አልተነሳም። እሷ ቀጠለች።

አባታቸው በተወሰደ በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። እናታቸው ገበያ ሄዳለች፤ ማሙሽ ትምህርት ቤት ነው። ሰውዬው አጥንቱ የገጠጠ፣ ልኩ ያልሆነ ኮት የለበሰ ነበር። አልገባም አለ፤ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። ከአባታቸው ጋር በአንድ ክፍል ታስሯል። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሰው ነበር። አባታቸው እዚያም ሆኖ ሥራውን አልተወም፤ የእያንዳንዱን እስረኛ አድራሻ ጠይቆ፣ ሰዎቹን በየሰፈራቸው እንደ ደብዳቤ ለያቸው። ከዚያ ሁሉም ሰው የአንድ ሌላ ሰው ቤት አድራሻ በቃሉ እንዲይዝ አደረገ። ከእስር የወጣ እንደሆነ የያዘውን ያደርሳል። "የእናንተ ቤት የደረሰው ለእኔ ነው" አላት ሰውዬው። "ከአደባባዩ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣ አረንጓዴ በር። ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። ብቻውን አልነበረም።" ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

"ያን ሳምንት እማማ ገና እህል መቅመስ ጀምራ ነበር" አለች እህቱ። "ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ስል ከነገ ወዲያ ሆነ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ዞረ። ከዓመት በኋላ ደግሞ 'እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?' ብትለኝ ምን እላታለሁ? ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ 'የመጣ ሰው የለም?' ብላ ጠየቀችኝ። 'የለም' አልኳት።" ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። "የአባባ ደብዳቤ እጄ ገብቶ ሳላደርሰው ቀረሁ።"

ማሙሽ ሲናገር ስለ አባቱ አልነበረም።

"እሷ አሁን ሦስት ልጆች አሏት" አለ።

እህቱ ስለ ታይፒስቷ እንደሚናገር ወዲያው ገባት። "አውቃለሁ።"

"አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ። አንድ ቃል።"

"አውቃለሁ፣ ማሙሽ። አንተን እያየሁ አይደል የኖርኩት?"

ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ዘጠኝ ቀን አልተነጋገሩም። ምግቡን ከድና ትተውለታለች፤ በልቶ ሳህኑን አጥቦ ያስቀምጣል። የዓይኗን ጠብታ እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ይጨምርላታል፤ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ያንጠባጥባል፣ ይወጣል። ማተሚያ ቤት የቀን መቁጠሪያ ያርማል። ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ቀን። እንደ እናቱ አባባል በየቀኑ ሲጠፋ የኖረው አባቱ ለካ በእውነቱ አንድ ቀን ነው የሞተው። የጠፋው እሱ ራሱ ኖሯል፤ ሲጠብቅ።

በአሥረኛው ቀን ወደ ደራሲዋ ቤት ሄደ። ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው የምትኖረው፤ ከአልጋዋ በቀር መጽሐፍና ወረቀት ያልተቀመጠበት ቦታ አልነበረም። ከአንዱ ወንበር ላይ የወረቀት ክምር አንስታ አስቀመጠችው። ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ሊያወራው ያላሰበውን አወራት፤ አባቱን፣ እናቱን፣ በበሩ ላይ የቆመውን ባለ ኮት ሰውዬ፣ እህቱን። ሲያወራ እጇ ወደ እስክሪብቶ አልሄደም። ይህንን ልብ ብሎ አየላት።

"ገጾቹን ስሰርዝ ውሸት ነው ብዬ ነበር" አለ። "አሁን ሳስበው ግን የቀናሁ መሰለኝ። ልጅቷ አባቷን አገኘች። እኔ አላገኘሁም።"

ደራሲዋ ጥቂት አሰበች። "አንድ ነገር ልንገርዎት? የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ መምህሩ አይገኝም ነበር። እርስዎ ያስቆሙት ቦታ አካባቢ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ካነጋገርኳቸው ሴቶች አንዷ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ እንዴት እንደሚያልቅ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እጄን ያዙኝና፣ 'ልጄ፣ እኔ አቅም የለኝም፤ ወረቀቱ ያለው አንቺ እጅ ነው። አንቺ ቅበሪልኝ' አሉኝ። ትክክል ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም። እምቢ ማለት ግን አቃተኝ።"

"እኔ ይህንን አላወቅሁም።"

"አልጠየቁኝማ፣ ጋሼ።"

እውነት ነው። አልጠየቃትም። እህቱም አልጠየቀችውም፣ እሱም እህቱን አልጠየቃትም፤ ሁሉም ለሌላው የሚሻለውን ብቻውን ወስኖ ኖሯል። ይህንን እያሰበ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ቤት ሲገባ እህቱ መብራት ሳታበራ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

"እትዬ፣ ለቅሶ እንቀመጥ።"

ድምፁን ከሰማች አሥር ቀኗ ነው። መጀመሪያ አላመነችም። "ሰው ምን ይለናል?"

"ዘገያችሁ ይለናል።"

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ወንበር ለመኑ፤ ሁለት ፔርሙስ ሻይ ተፈላ። በሩ ክፍት ሆነ። መጀመሪያ የገባው የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ነው። ጥቁር የለበሰችውን እህትየዋን አይቶ ደነገጠ።

"ምነው? ማን ሞተ?"

"አባታችን።"

"ነፍስ ይማር! ታመው ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ ሳንባቸውን።"

"እኔ እኮ በሕይወት እንዳሉም... መቼ ነው ያረፉት?"

"አርባ ሁለት ዓመት ሆናቸው" አለ ማሙሽ።

ባለ ሱቁ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሻይ ተሰጠው፤ ብርጭቆውን ሳይጠጣ በእጁ ሲያዞር ቆየ። በመጨረሻ፣ "የእኔም ታላቅ ወንድም በዚያው ዘመን ነው የቀረው" አለ። "እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ስሙን አናነሳባትም።" ከዚያ አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ማሙሽ አይቶ አያውቅም።

ወሬው በሰፈሩ ዞረ። ግማሹ ሰው ለማጽናናት፣ ግማሹ ነገሩ ገርሞት መጣ። ከሰዓት ሲሆን ቤቱ ሞላ። አንዷ ስለ አጎቷ አነሳች፤ ከጎኗ የተቀመጠችው፣ "እኔ ማንም ለጠፋ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ አላየሁም፤ የሚቻል አይመስለኝም ነበር" ብላ የባሏን ወንድም ስም ጠራች። ደራሲዋም መጣች። ማንነቷን የነገራት ማሙሽ ነው፤ እህቱ በጭጋጋማ ዓይኗ ቀርባ አየቻትና፣ "አንቺ ነሽ?" አለች። "ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ።" ሌላ ምንም አላለቻትም። እጇን ግን አልለቀቀችም።

ወደ አመሻሹ ላይ አሮጌው ፀጉር አስተካካይ በከዘራ እየተደገፈ ገባ። በሰፈሩ ውስጥ አባታቸውን በአካል የሚያውቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጆሮው ስለደከመ ሲናገር ይጮኻል። ተቀምጦ ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ፣ "ጠዋት ጠዋት ፂሙን የምላጨው እኔ ነበርኩ" አለ። "ወሬ ከእሱ ነበር የማገኘው። የከተማውን ወሬ ሁሉ!"

"አባባ? አባባ እኮ ዝምተኛ ነበር" አለች እህቱ።

"ዝምተኛ? እሱ?" ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። "ፖስት ካርድ ያነብ ነበር እኮ! ፖስታ ውስጥ ስለማይገባ እየለየ ያነበዋል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከውጭ አገር መቼ እንደሚመጣ፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራልኛል። 'ለማንም እንዳትናገር' ይለኛል፤ እኔም ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ!"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው መሳቅ ይገባው እንደሆነ አላወቀም። መጀመሪያ የሳቀችው እህትየዋ ናት። ከዚያ ማሙሽ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አባታቸውን እንደ ጻድቅ ሲያስቡት ኖረው፣ የሰው ፖስት ካርድ የሚያነብ ወሬኛ እንደነበር በለቅሶው ቀን ሰሙ። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ታሪክ ጨመረ፤ ሁለተኛው የአባታቸው ይሁን የሌላ ሰው እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

ሲመሽ ሰዉ ተበታተነ። ደራሲዋና ባለ ሱቁ ወንበሮቹን ለየቤቱ ሲመልሱ ማሙሽ ብርጭቆ አጠበ። እህቱ ልብሷን ሳትቀይር አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ዕድሜዋን በሙሉ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ስትነሳ የኖረች ሴት ናት፤ በማግስቱ ግን ረፋዱ ላይ አራት ሰዓት ሲሆንም ተኝታ ነበር። የዓይን ጠብታው ሰዓት አልፏል። ማሙሽ ጠርሙሱን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አያት፤ ከዚያ መጋረጃውን ቀስ ብሎ ሳበውና ቁርስ ሊያሰናዳ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።